ከንፈር መጠጣው ይብቃ!

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ጽሑፍ የሚያስለቅስ ጽሑፍ አይደለም። እንባ የፈለገ አንባቢ ገጹን ይግለጥና ከወዲያ ወዳለው ግጥም ይለፍ። እኔ የምጽፈው ስለ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የስፖርት ውድድር ነው። ውድድር ደግሞ ያስጮኻል፣ ያናድዳል፣ ያከራክራል እንጂ አያስለቅስም። ቢያስለቅስም የሚያለቅሰው የተሸነፈው ነው፤ እሱም «ቆይ ብቻ፣ ለከርሞ!» እያለ ነው።

በአገራችን አካል ጉዳተኛ ልጅ በመንገድ ሲያልፍ የሚከተለው አንድ ድምፅ አለ፤ «ምጽ!» የሚል። ከፍኖተ ሰላም ገበያ እስከ ቡሬ መናኸሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ ግቢያችን ካፌ ድረስ ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። ከንፈር መምጠጥ እንለዋለን። ከንፈር ከተመጠጠ ጉዳዩ አለቀ። መጣጩ ጽድቁን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል፤ ልጁ እዚያው ይቀራል።

ክርክሬ አጭር ነው። ለአካል ጉዳተኛው ልጅ የነፈግነው ትልቁ ነገር ምጽዋት አይደለም፤ ምጽዋቱንማ እየወረወርንለት ነው። የነፈግነው ተፎካካሪ ነው። አጠገቡ ተሰልፎ «ዛሬ አስከነዳሃለሁ» የሚለው እኩያ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሺህ ሰው አለ፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ግን የለም። ጠቡ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ነው።

፩. ሳይሮጥ የደከመ

የቋንቋ ተማሪ ነኝና ከቃሉ ልጀምር። በአባቶቻችን ዘመን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሳይቀር አካል ጉዳተኞች «ድኩማን» ይባሉ ነበር። ድኩም «ደከመ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ የደከመ፣ አቅም ያነሰው ማለት ነው። እንግዲህ ልጠይቅ፤ ሰው ሳይሮጥ እንዴት ይደክማል? ለመድከም እኮ መጀመሪያ መሮጥ ያስፈልጋል! መነሻው መስመር ላይ ሳይቆም፣ ፊሽካ ሳይነፋለት፣ አንድ ዙር እንኳ ሳይዞር «ደክመሃል፣ ተቀመጥ» የተባለ ሰው ተፈርዶበታል እንጂ አልደከመም።

ከዚያ «አካለ ስንኩል» መጣ፤ ከዚያም «አካል ጉዳተኛ»። ቃሉ እየተሻሻለ መሄዱን አልጠላም። ግን ቃል ተለውጦ ሥራ ካልተለወጠ ምን ዋጋ አለው? «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» የሚለው ተረት ዛሬም በየጠላ ቤቱ ያስቃል። ተረቱ ዓይነ ስውሩን ብቻ አይሰድብም፤ ከጓሮ ያላሳለፍነውን እኛን ነፃ ያወጣል። «እሱ እኮ አይችልም» ካልን መንገድ የመጥረጉ ዕዳ ከጫንቃችን ወረደ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱስ? በስፖርት ክፍለ ጊዜ ተማሪው ሁሉ ወደ ሜዳ ሲወጣ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር ይቀራል። የሌሎቹን ጃኬትና ደብተር ይጠብቃል። በውጤት ካርዱ ላይ ማለፊያ ነጥብ ይሞላለትና «ከስፖርት ነፃ» ይባላል። ይህን ያላየ ከእናንተ መካከል ማን ነው? ነፃ! ባሪያ ከባርነት ነፃ ይወጣል፤ እስረኛ ከእስር ነፃ ይወጣል። ይህ ልጅ ነፃ የወጣው ከምንድን ነው? ከጨዋታ! በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከጨዋታ ነፃ ተብሎ የተሰናበተ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከሥራ፣ ከትዳርና ከስብሰባ «ነፃ» ሲባል ምን ያስደንቃል? ትምህርቱን የቀሰመው ከእኛው ነው።

፪. በስምንተኛው ቀን

አሁን ወደ ዓለም ዞር እንበል። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ጨዋታ በተከፈተበት ዕለት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ግቢ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ተወዳደሩ። በጦርነቱ አከርካሪያቸው የተጎዳ ነበሩ። ያወዳደራቸው ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። በዚያን ዘመን አከርካሪው የተሰበረ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ጉትማን ግን ቀስት አስያዘው፤ ዒላማ አሳየው፤ ነጥብ ቆጠረለት። ነጥብ ሲቆጠርለት በሽተኛው ተወዳዳሪ ሆነ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮም ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው ይኸው ነው። እኛ የመጀመሪያውን ታሪክ በቃላችን እናውቃለን፤ የስምንት ቀን ጎረቤቱን ግን የሚነግረን አልነበረም።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ያው አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። የታከመውም በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ነው። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ስፖርተኛ ነበር። እኛ ግን የአበበን ታሪክ ሁለት ቦታ ቆርጠን ግማሹን ጣልነው። ሮምና ቶኪዮ የእኛ ሆኑ፤ ስቶክ ማንዴቪልና ኖርዌይ ግን «ምጽ!» ሆኑ። እግሩን ወደድነው፤ ወንበሩን አፈርንበት። የኢትዮጵያ ጀግና በወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲስብ የሚያሳይ ትምህርት በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ ዛፍ ሥር የቀረው ያ ልጅ ስለ ራሱ ምን ያስብ ነበር?

ከጉትማን ዘር የወጣቶች ውድድር በቀለ። በአሜሪካ አህጉር የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2005 በቬንዙዌላዋ ባርኪሲሜቶ ተጀምሮ እስከ 2023ቱ የቦጎታ ጨዋታ ደርሷል። እስያውያን እ.ኤ.አ. በ2009 ቶኪዮ፣ በ2013 ኳላ ላምፑር፣ በ2017 ዱባይ፣ በ2021 ማናማ ላይ ልጆቻቸውን አወዳድረዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚወዳደሩና እጅና እግራቸውን ያጡ ወጣቶችም የራሳቸው ዓለም አቀፍ ጨዋታ አላቸው፤ በ2018 አየርላንድ፣ በ2019 ስዊዘርላንድ ተካሂዷል። ሩጫ አለ፤ ዋና አለ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ አለ፤ ጎልቦል አለ። ጎልቦል ማለት ዓይናቸውን የታወሩ ወታደሮች እንዲጫወቱት እ.ኤ.አ. በ1946 የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለ። ሁሉም ተጫዋች ዓይኑ ይሸፈናል። ሦስት ለሦስት ሆነው ኳሱን በመሬት እያንከባለሉ ግብ ለማግባት ይፋለማሉ። ተመልካቹ ጸጥ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ቃጭሉ አይሰማም። ከንፈር የሚመጥ ተመልካች እዚያ ቦታ የለውም፤ ጨዋታ ያበላሻል!

በእነዚህ ውድድሮች ላይ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ምደባው ነው። ልጁ ከመሰለፉ በፊት ባለሙያዎች ይመረምሩታል። ምን ያህል ያያል? እጁ እስከ የት ይሠራል? ከዚያ በቁጥር ይመደባል። በሩጫ ጨርሶ የማያየው ቲ 11፣ በጥቂቱ የሚያየው ቲ 12፣ ከዚያ የሚሻለው ቲ 13 ይባላል፤ እጁ የተጎዳውም የራሱ ቁጥር አለው። እንግዲህ አስተውሉ። «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ጥያቄ በምደባው ጠረጴዛ ላይ ይጠየቃል፤ መልሱ በቁጥር ይጻፋል፤ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ የሰዓት ነው። የእኛ ልጅ ግን ያንኑ አንድ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመልስ ይኖራል።

ዓለምም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የወጣቶች ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲንጋፖር ላይ ሲጀመር የወጣቶች ፓራሊምፒክ አልተከተለውም። ለ2026 በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ዳካር ላይ እንዲካሄድ የታቀደው የወጣቶች ኦሊምፒክም ጎኑ ላይ ወንድም የለውም። ትልልቆቹ ሁለት በዓል አላቸው፤ ለልጆቹ ሲሆን አንዱ ተረሳ። ይህን በአፍሪካ ስም መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ከአበበ አገር የተሻለ ባለ መብት አለ?

፫. ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ

የአገራችን የፓራሊምፒክ ታሪክ ይህን ይመስላል። በ1961 ዓ.ም. ቴል አቪቭ ላይ ጀመርን። በ1968 ቶሮንቶ፣ በ1972 አርንሄም ሄድን። ከዚያ ጠፋን። ሃያ አራት ዓመት! ጦርነት ወጣቱን እጅና እግር ባሳጣበት በዚያው ዘመን በዓለም ሜዳ የአካል ጉዳተኞቻችን ወንበር ባዶ ነበር። የተመለስነው በመስከረም 1997 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ነው።

ከተመለስን በኋላስ? በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር የብር ሜዳሊያ ወሰደ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ። በነሐሴ 2013 ቶኪዮ ላይ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ወርቅ አመጣች፤ የመጀመሪያው ወርቅ! በነሐሴ 2016 ፓሪስ ላይ ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ላይ ያየሽ ጌቴ ጨርሶ ከማያዩት ምድብ በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች። ስሟ ያየሽ ነው። ፓሪስ እስክትደርስ ድረስ ያያት ስንቱ ነው?

አንዱን ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ፤ ይኸውም የሪዮን ነው። በመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እኛ እዚህ «እንቁጣጣሽ» ስንል፣ ታምሩ ደምሴ በከፊል በሚያዩ ሯጮች ምድብ በ1500 ሜትር 3 ደቂቃ ከ48.49 ሴኮንድ ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው ስታዲየም በዋናው ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ የተወሰደው በ3 ደቂቃ ከ50.00 ሴኮንድ ነው። በዚያ የመስከረም ሩጫ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉ ከኦሊምፒኩ ወርቅ የፈጠነ ሰዓት አስመዘገቡ። «ኦሊምፒኩ እኮ የመጠባበቅ ሩጫ ስለ ነበር ነው» የሚል አዋቂ ይነሣል። እውነቱን ነው፤ የመጠባበቅ ሩጫ ነበር። ግን ይህን ክርክር ራሱን ውደዱት! ስለ አንድ በከፊል የሚያይ ኢትዮጵያዊ ሩጫ በሰዓት፣ በስልትና በዙር አቆጣጠር ተከራከርን ማለት እኮ ነው። አንድም ከንፈር አልተመጠጠም።

አያችሁ ወይ? ዘር አለ፤ አዝመራው ነው የሌለው። እነዚህ ልጆች በአራት ዓመት አንዴ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ይመጡብናል፤ እኛም ቦሌ ላይ አበባ ይዘን እንሮጣለን። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! የቡሬ ሰው በርበሬ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ይተከላል፣ ይኮተኮታል፣ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀነጠሰው። ለአካል ጉዳተኛ ልጅም መደቡ የወረዳ ውድድር ነው፤ ኩትኮታው የዞን ውድድር ነው፤ ዓለም አቀፉ የወጣቶች ጨዋታ ደግሞ ከትልቁ ገበያ በፊት ያለው ፀሐይ ነው። ዓለም አቀፍ ምደባ ያላገኘ ስፖርተኛ በዓለም መድረክ አይሮጥም፤ ምደባውም በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ባሉ ውድድሮች ላይ ነው። ስለዚህ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድንበር ያልተሻገረ ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቱ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ሯጭ የለም እንደ ማለት ነው።

፬. የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ወደ ግሽ ዓባይ። ምንጩ ያለው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ሳንባ የሚያሰፋ የደጋ አየር የሯጮቻችን ምሥጢር ነው እያልን ለፈረንጅ የምንተርክለት አየር ይኸው ነው። አየሩ ዓይናማና ዓይነ ስውር አይለይም፤ የምንለየው እኛ ነን።

ትውፊቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ውሃውም ጠብታ ሳያስነካ መለሰላቸው። እንግዲህ ውሃ እንኳ አደራ ያውቃል። እኛስ? እናት ልጇን ለትምህርት ቤት አደራ ትሰጣለች፤ ትምህርት ቤቱ «ከስፖርት ነፃ» የሚል ወረቀት አስይዞ ይመልስላታል። ማነው ታዲያ አደራ በላው?

በክልላችን የአካል ጉዳት ከሰማይ የወረደ ቁጣ እንዳልሆነ ደግመን ደጋግመን መናገር አለብን። አማራ ክልል በትራኮማ ከዓለም እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ ደግሞ ፊት የሚታጠቡበት ውሃ በሌለበት ይነግሣል። በዓባይ አናት ላይ ሆኖ በውሃ እጦት ዓይን ይጠፋል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው! በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ደግሞ እግሩ ያብጣል። ሰዉ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ እርግማን ነው ብሎ ይሸሸዋል። ነገሩ ግን አፈሩ ነው፤ ጫማና ውሃ ቢኖር ኖሮ አይመጣም ነበር። የአበበን ባዶ እግር አወደስን፤ የገበሬውን ባዶ እግር ግን አገለልን። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው፣ ኋላም ከ2015 ክረምት ወዲህ በራሳችን ክልል የተነሣው ግጭት ስንቱን ወጣት በክራንች እንዲሄድ እንዳደረገው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ለእነዚህ ልጆች የምንሰጣቸው ምንድን ነው? «ምጽ!»?

«ባህላችን አይፈቅድም» ለሚሉ ደግሞ መልሱ እዚሁ ጎጃም አለ። ወደ ቅኔ ቤት ግቡ። የዋሸራና የጎንጅ ስም የተጠራው በምንድን ነው? በውድድር ነው! ቅኔ ቤት ዓይነ ስውሩን ተማሪ «አንተ ከቅኔ ነፃ ነህ» ብሎት አያውቅም። የቃል ትምህርት በሌሊት ይቀጸላል፤ በጨለማ ደግሞ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ናቸው። ይዘርፋል፤ ሲያፈርስ ይታረማል፤ ሲያምርለት «ይበል!» ይባላል። «ይበል!» የተባለው ለዓይኑ ታዝኖለት አይደለም፤ ሰሙና ወርቁ ስለ ገጠመለት ነው። ከመካከላቸው መምህር የሆኑ፣ ዓይናማ ተማሪዎችን በኩርኩም ያስተማሩ ስንት አሉ! ስለዚህ እኔ ከውጭ የመጣ አሳብ ላስገባባችሁ አልተነሣሁም። ቅኔ ቤት ከዱሮ ጀምሮ የሠራውን ሜዳው ይሥራው ነው የምለው። ማኅሌቱ የፈቀደውን ኳስ ሜዳው እንዴት ይከለክላል?

፭. ለባለ ሰበቦች

አሁን ተቃዋሚዎቼን ላነጋግር።

አንደኛው «መጀመሪያ ዳቦ፣ ኋላ ጨዋታ» ይላል። ይህ ከሁሉ የከበደው ክርክር ነውና አላቃልለውም። ግን ወንድሜ፣ ይህን ስትል ለመሆኑ የማንን ጨዋታ ነው የምታዘገየው? ዓይናማው ልጅ በጨርቅ ኳስ ሲጫወት «ዳቦህን ጨርስና» ብለኸው ታውቃለህ? የወረዳው የእግር ኳስ ዋንጫ ዳቦ እስኪሞላ ጠብቋል? ድኅነቱ የሁላችን ሆኖ ሳለ ሂሳቡ የሚወራረደው በአንዱ ልጅ ብቻ ነው። ደግሞም ወጪው ስንት ነው? እርግጥ ነው፣ የመሮጫ ተሽከርካሪ ወንበርና ሰው ሠራሽ የመሮጫ እግር ውድ ናቸው፤ እነሱን መንግሥት ይግዛ። ግን ዓይነ ስውር ሯጭ የሚያስፈልገው አንድ ክንድ ገመድና አንድ ዓይናማ ጓደኛ ነው። ገመድ በፍኖተ ሰላም ገበያ ሞልቷል። የጠፋው ጓደኛው ነው።

ሁለተኛው «ሰው መሳቂያ ይሆናሉ፤ ለምን አደባባይ ታወጧቸዋላችሁ?» ይላል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! አደባባይ ያወጣሃቸውማ አንተ ነህ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በዝናብና በፀሐይ ተቀምጠው ሲለምኑ አደባባይ መሆኑን አላየህም? ለልመና ሲሆን አደባባዩ የተፈቀደ፣ ለሩጫ ሲሆን ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ሕግ ካልን ደግሞ ሕጉ ከማን ጋር እንደሆነ እንይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት ሳይቀር ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታና በስፖርት እንዲሳተፉ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ «ከስፖርት ነፃ» የሚለው ወረቀት ደግነት አይደለም፤ አገር የፈረመችውን ቃል ማፍረስ ነው።

ሦስተኛው የተማረው ተቃዋሚ ነው፤ ከእኛው ዶርም የወጣ። «ለብቻቸው ማወዳደር ራሱ መለየት ነው፤ ልዩ ጨዋታ፣ ልዩ ትምህርት ቤት፣ ልዩ መግቢያ፤ ይኸ መድሎ አይደለም ወይ?» ይላል። አሳቡ ቁም ነገር አለው። ግን ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የሮጠችው ከሴቶች ጋር ነው። መድሎ ተደረገባት ያለ አለ? ቦክሰኛ በኪሎው ይመደባል፤ የ48 ኪሎው ከ90 ኪሎው ጋር ባለመጋጠሙ ተዋረደ ያለ አለ? ምድብ ውድድሩን ፍትሐዊ ያደርገዋል። መለየት የሚሆነው ሌላ ቀን፣ ሌላ ሜዳ፣ ያለ ተመልካች፣ በአንድ ድርጅት ባነር ሥር፣ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ሲደረግ ነው። ስለዚህ መፈክራችን ግልጽ ይሁን፤ ምድቡ የየራስ፣ ሜዳውና ቀኑ ግን አንድ!

አራተኛው «ጠበሉ ይቅደም» ይላል። ጠበሉን አልነካም፤ እናቴም ትጠመቃለች፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ድኅነት የሚጠብቅ ልጅ እስኪድን ድረስ አይጫወት ያለ መጽሐፍ የት አለ? ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት በኋላ ይሩጥ!

፮. ገመዱን ማን ይያዝ?

በዓይነ ስውራን ሩጫ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ለእኛ ለተማርን ነን ባዮች የተጻፈ ይመስለኛል። ሯጩና መሪው በአጭር ገመድ ይያያዛሉ። መሪው መጎተት አይችልም፤ መግፋትም አይችልም። ኩርባውን በድምፅ ይነግራል፤ እርምጃውን ከሯጩ እርምጃ ያስማማል። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ደግሞ መሪው ከሯጩ ቀድሞ ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ይሰረዛል!

ጓደኞቼ፣ ስንት ደጋፊ፣ ስንት ድርጅት፣ ስንት ሰብሳቢ ነው መስመሩን ከተደጋፊው ቀድሞ ሲያልፍ ያየነው? ስለ አካል ጉዳተኞች ስብሰባ ይጠራል፤ መድረኩ ላይ የሚወጣው ጤነኛው ነው፤ መድረኩም ደረጃ አለው፤ ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ የለውም። ስለዚህ እኛ ገመድ ያዦች እንሁን ስል ጎታቾች እንሁን ማለቴ አይደለም። ከዚህ ግቢ ብዙ ዓይነ ስውራንና ሌሎች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠናችው፣ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ሰው መርቶላት እንጂ ሰው ተክቷት አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን ስንጠይቅ ከፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው፤ እኛ ገመዱን ይዘን አብረን እንሮጣለን።

አንድ፤ በትምህርት ቤት «ከስፖርት ነፃ» የሚባል ነገር ይፋቅ። የስፖርት ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መልመጃ ተምረው ይመረቁ። የሚያስተምሩት ሁሉንም ልጅ ነው፤ ሮጦ የሚመጣላቸውን ብቻ አይደለም።

ሁለት፤ በዩኒቨርሲቲያችን የስፖርት በዓል ላይ የዓይነ ስውራን ሩጫና በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረግ ውድድር በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ይግባ። ሜዳሊያውም አንድ ዓይነት ይሁን።

ሦስት፤ መሪ ሯጮች እንመዝገብ። ጠዋት ጠዋት ብቻችሁን የምትሮጡ ልጆች፣ እናንተን ነው! ሳንባችሁን አውሱን።

አራት፤ ለዕረፍት ወደ ግሽ ዓባይ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ ስንመለስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በየቀበሌው ቤት የተዘጋበት ልጅ አለ። እናቱን «እሜቴ፣ ልጅዎን ለሩጫ ይስጡኝ» እንበላት። ገና በየመንደሩ ሜዳ ጨዋታ ይደረጋል፤ ከዋናው ጨዋታ በፊት መቶ ሜትር ሩጫ ለእነዚህ ልጆች ይሁን። ሰዓታቸው ይያዝ። ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ ሲመጣ «ከአምናው በስንት አሻሻለ?» ብለን እንጠይቅ። ለወረዳውና ለዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤትም የምናቀርበው ይህንኑ በሰዓት የተሞላ ወረቀት ነው እንጂ የምልጃ ደብዳቤ አይደለም። ለቀጣዩ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ጨዋታ ከጎጃም ማን ይሂድ ሲባል መልስ የሚሰጠው ያ ወረቀት ነው።

አምስት፤ ይህኛው ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ነው። በተማሪ ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ዓይነ ስውር ሰው ምንጊዜም ወይ ለማኝ ነው ወይ ነቢይ። ወይ ያስለቅሰናል ወይ ይተነብይልናል። አንድ ቀን እንኳ ሲዋሽ፣ ሲያፈቅር፣ ሲቀና፣ ኳስ ተበልቶ ሲናደድ አንጽፈውም። ይህም በብዕር ከንፈር መምጠጥ ነው! እስቲ አንድ ተሸናፊ ጻፉልኝ፤ በአፍንጫ የተቀደመ፣ በብስጭት ገመዱን የወረወረ፣ ለከርሞ የዛተ ዓይነ ስውር ሯጭ። ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፋችን ሰው አየ እላለሁ።

የሚቃወመኝ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ። የሚስማማኝ ግን አይጻፍልኝ፤ ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ገመድ ይዞ ሜዳው ላይ ይገኝ።

(ከግሽ ዓባይ ልጆች አንዱ)